የትንፋሽ እንጀራ

ዲላ ገና ሳትነቃ፣ ጉሙም ከኮረብቶቹ ሥር ሳይገፈፍ፣ ከአንዱ ሰፈር ጥሩምባ ይነፋል። ምድጃ ሥር የተቀመጠችው ሴት ጭራሮውን እንደ ያዘች ትቀራለች፤ ወደ ሥራው ለመውጣት የጫማውን ክር የሚያስረው ሰው እጁን ገታ አድርጎ ጆሮውን ያቀናል። ድምፁ አንድ ጊዜ ተስቦ ይረዝምና ይቆማል፤ ከዚያም የለፋፊው ቃል ይከተላል። የእገሌ ዕድር አባላት፣ እገሌ የተባሉት ስላረፉ በዚህ ሰዓት ከለቅሶው ቤት ተገኙ ይላል። ዛሬ ዛሬ የድምፅ ማጉያ በየቦታው እየተካው ቢሄድም፣ እንደ ሌሎቹ የሀገራችን ከተሞች ሁሉ በዲላም ጥሩምባ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ይኸው ነው፤ ከማን ደጅ ሰው እንደ ጎደለ የሚያስታውቅ የቆርቆሮ አፍ።

እንግዲህ በዚህች ከተማ ተወልዶ ያደገ ልጅ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከአንድ ኦርኬስትራ ተቀጥሮ፣ ሥራዬ ጥሩምባ መንፋት ነው ብሎ ለእናቱ ቢጽፍ፣ እናቲቱ ደብዳቤውን አንብቦ በጌዴኦኛ ለሚተረጉምላት ጎረቤት ምን ትመልስለታለች? ሌላ ሥራ ጠፋ ወይ ሳትል አትቀርም። በአማርኛችንም ቢሆን «ጥሩምባ ነፊ» የሚለው ቃል ከለቅሶ ጠሪነቱ ሌላ ወሬ አራጋቢንና የሌላውን ዝና አስተጋቢን መንቀፊያ ሆኖ ኖሯል። ዘፈኑን ወዶ ዘፋኙን የሚንቅ ኅብረተሰብ ለአዝማሪው ያቆየውን ስም ለኦርኬስትራ ሙዚቀኛውም በውርስ አስተላልፎለታል። ልጁ ይኸን ስለሚያውቅ በደብዳቤው ላይ መሣሪያውን «ትራምፔት» ብሎ በባዕድ ስሙ ይጽፈዋል። ስሙ ሲለወጥ ክብሩም የሚለወጥ ይመስለዋል።

ይኸ ልጅ በመዝገብ ስሙ ተፈልጎ የሚገኝ አንድ ሰው አይደለም። በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊትና በቴአትር ቤት ኦርኬስትራዎች በኋላው ረድፍ ቆመው ዕድሜያቸውን የጨረሱት የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ብዙዎች ናቸው፤ ስማቸው የተጻፈላቸው ግን ጥቂቶች። ስለዚህ የሚከተለው የአንድ ትራምፔት ተጫዋች የሥራ ዘመን ከሙያው ጠባይና ከተመዘገበው ታሪክ የተቀዳ ነው። ዲላን የትውልድ ከተማው ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም። የነሐስ ድምፅ በዋና ከተማ ተወልዶ እዚያው ያረጀ ነገር ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ከክፍለ ሀገር ሆኖ ማየቱ የተሸፈነውን ገጽ ይገልጠዋል።

በኢትዮጵያ ምድር በትንፋሽ የሚነገር ድምፅ አዲስ ነገር አልነበረም። መለከትና እምቢልታ ከነጋሪት ጋር ሆነው የነገሥታትና የመኳንንት ክብር ማስታወቂያ ነበሩ። እምቢልታ ነፊዎች እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ይዘው፣ አንዱ የተወውን ሌላው እየሞላ አንድ ዜማ ይሠራሉ። በደቡብም የዲራሼ ሕዝብ «ፊላ» በተባለው የሸምበቆ ዋሽንት ጭፈራው ይኸንኑ ጥበብ ለብዙ ሰው አካፍሎ ይዞታል። አንድ ሰው ብቻውን ዜማ የሌለው፣ ሲደመር ግን ዜማ የሚሆንበት ይኸ አሠራር፣ በኋላ ዘመን በኦርኬስትራ ረድፍ ውስጥ ለሚቆመው ሰው ዕጣ የቀደመ ምሳሌ ይመስላል።

የነሐሱ ታሪክ የሚጀምረው ከዐድዋ ድል በኋላ ነው። የሩሲያው ዛር ዳግማዊ ኒኮላስ ለዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች በስጦታ ልኮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የታወቀው ምዕራፍ የአርባዎቹ ልጆች ምዕራፍ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም የሚኖሩ ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ ባንድ ተቀበሏቸው። እነዚያ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1915 በተጀመረው እልቂት ቤተ ሰባቸውን ያጡ ነበሩ። ራስ ተፈሪ አርባውን ወደ ኢትዮጵያ አስመጡ፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንድያን ሆነ። የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ይኸው ሰው ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተደረገው የንግሥ በዓል ላይ የተሰማው ያ መዝሙር እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ ሲነፋ ኖሯል። እንግዲህ ከሀገራችን የነሐስ ድምፅ ቀደምት ባለሙያዎች አንዳንዶቹ አባትና እናት የሌላቸው ልጆች መሆናቸውን ልብ ይሏል። የመንግሥት ክብር በእነሱ ትንፋሽ ተነገረ፤ ከአርባዎቹ ውስጥ ግን የስንቱን ስም የሚያስታውስ ይገኛል?

የዲላው ልጅ ወደዚህ ዓለም የሚገባው ከጦርነቱ በኋላ፣ ኦርኬስትራዎች በየጦር ክፍሉ ሲደራጁ ነው። የተቀጠረበት ቦታ በመጀመሪያ ደረጃ የጦር ሰፈር እንጂ የሙዚቃ ቤት አልነበረም። ማዕርግ አለው፤ የደንብ ልብስ አለው፤ ጥበቃና ሰልፍ አለበት፤ ደመወዙም የወታደር ደመወዝ ነው። ጧት በማርሽ ባንድ የሰልፍ ዜማ ይነፋል፤ ማታ ያንኑ መሣሪያ ይዞ ለግብዣ ዘፈን ያጅባል።

ትራምፔት ሲያዩት የቀለለ ነገር ይመስላል። ተጠቅልሎ የተሠራው ቧንቧ ተዘርግቶ ቢለካ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የሚጫኑትም ሦስት ቁልፎች ብቻ አሉት። ፒያኖ የሚማር ሰው በመጀመሪያው ቀን ጣቱን ቢያሳርፍ ድምፅ ያገኛል። ትራምፔት የሚማር ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን የሚያገኘው ነፋስ ነው። ድምፁን የሚፈጥረው ነሐሱ ሳይሆን የሁለቱ ከንፈሮች መንቀጥቀጥ ስለሆነ፣ ሰውየው መሣሪያውን ከገዛ ሥጋው መሥራት አለበት። ስለዚህ ጀማሪው ለወራት ዘፈን አይነካም። አንድን ድምፅ ሳያናውጥ፣ ሳያሳድግና ሳያሳንስ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይስባል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ይስባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ከዲላ፣ ከ1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ለመጣ ልጅ የመጀመሪያው ወር ደረቱን የሚያስጨንቅ ነው። ማለዳ ደግሞ ብርዱ የነሐሱን ጽዋ አቀዝቅዞ ከንፈር ያደነዝዛል፤ ድምፁም ይወርዳል። ልምምዱ በረታ ሲል የላይኛው ከንፈር መኻል ላይ ክብ ምልክት ይቀራል። የአናጺ እጅ በመጅ እንደሚታወቅ፣ ትራምፔት ተጫዋችም በዚያ ምልክት ይታወቃል።

መሣሪያው የእሱ አይደለም። በንብረት ክፍል መዝገብ ተፈርሞበት የወጣ የመንግሥት ዕቃ ነው፤ የተሰጠው ሰው ከሥራ ሲሰናበት አስረክቦ ይሄዳል። ገበሬ ያለ በሬ፣ ሸማኔ ያለ መወርወሪያ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አንባቢ ይኸን ነገር በቀላሉ አያልፈውም። ሌሎች ሙያተኞች በእጃቸው የያዙት ዕቃ ቢጠፋ ሌላ ይገዛሉ ወይም ይዋሳሉ። የዚህ ሰው ግማሽ መሣሪያ ከንፈሩ ላይ፣ ግማሹ በመጋዘን ነው፤ ግማሹ ከሌለ ሌላው ግማሽ ምንም አያወጣም።

ከመምህራኑ መካከል ነርሲስ ናልባንድያን ሳይጠቀስ አይታለፍም። የኬቮርክ የወንድም ልጅ የሆነው ይኸ ሰው በማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በፖሊስ፣ ኋላም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለት በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ እ.ኤ.አ. በ1977 እስካረፈበት ዘመን ድረስ ለኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ የለፋውን ያህል የለፋ ጥቂት ነው። ነርሲስ የገጠመው ጥያቄ ከባድ ነበር። በአምስት ድምፅ የተገነቡትን ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ለሰባት ድምፅ ሥርዓት በተሠራ የባዕድ መሣሪያ እንዴት አድርጎ ማናገር ይቻላል? በጽሑፍ ያስቀመጠው ኖታ የጥያቄውን ግማሽ ይፈታል። የቀረውን የሚፈታው ተጫዋቹ ነው። ማሲንቆ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚንሸራተተውን፣ የዘፋኝ ጉሮሮ የሚያርገበግበውን፣ ሦስት ቁልፍ ያለው ነሐስ በቁልፍ ብቻ ሊያገኘው አይችልም። ተጫዋቹ ከንፈሩን ጥቂት ላላ፣ ጥቂት ጠበቅ እያደረገ በኖታው ላይ ያልተጻፈውን ይጨምርበታል። የኢትዮጵያ ትራምፔት ከሌላው ዓለም ትራምፔት የተለየ ድምፅ ያገኘው በእንዲህ ያለ ማንም ባልጻፈው ጭማሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በረድፉ ውስጥ ያለው ኑሮም የራሱ ሕግ አለው። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ይላል፤ የትንፋሽ መሣሪያዎች በአጭሩ ይመልሱለታል። ዘፋኙ ይቀጥላል፤ እነሱም ዝም ብለው ይቆጥራሉ። የትራምፔት ተጫዋች ሌሊቱን ሙሉ ከሚነፋበት ጊዜ የሚቆጥርበት ጊዜ ይበልጣል። ቆጠራው በአንድ ምት ቢዛባ ግን መላው አዳራሽ ይሰማዋል፤ ሳይዛባ ሲቀር ማንም አያስተውለውም። ጥፋቱ ብቻ የሚታወቅለት ሠራተኛ ማለት ይኸ ነው።

ከወታደርነቱ የተነሣ ፖለቲካው ሳይጠራው ይመጣበታል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከግርማሜ ጋር የመሩት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሲከሽፍ፣ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞችም ከጥርጣሬ አልዳኑም፤ ዝነኛው ጥላሁን ገሠሠ ሳይቀር ታስሯል። ዘፋኙ ሲታሰር ሀገር ያውቃል። የኋላ ረድፍ ሰው ቢታሰርስ ለማን ይነገራል? እናቱ እንኳ የምትሰማው ደብዳቤው በመዘግየቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የደስታ ዘመን ነበር ለማለት ይቻላል። የምሽት ክበቦች በዙ። የመንግሥት ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ አንዳንዴም ተደብቀው፣ በክበቦች እየተጫወቱ ከደመወዛቸው የተሻለ ያገኙ ጀመር። በ1961 ዓ.ም. ወጣቱ አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ በድፍረት የራሱን ሸክላ ማሳተም ያዘ፤ ጥቂት ዓመታት ባልሞላ ጊዜ ውስጥም የዛሬው ትውልድ ወርቃማ እያለ የሚጠራው ድምፅ በየቡና ቤቱ ተሰማ። በሸክላው መኻል በተለጠፈችው ክብ ወረቀት ላይ የዘፋኙ ስም ይነበባል፤ የዘፈኑ ርእስ ይነበባል። ዘፈኑን ገና ቃል ሳይወጣ በመጀመሪያዎቹ ምቶች የሚያስታውቀው የትራምፔቱ ጥሪ የማን እንደ ሆነ ግን አይነበብም።

የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች ሁሉ ስም አላገኘም ማለት ግን አይደለም። የይፋቱ ተወላጅ ጌታቸው መኩሪያ ከማዘጋጃ ቤት ባንድ ተነሥቶ፣ በቴአትር ቤትና በፖሊስ ኦርኬስትራ አልፎ፣ ሽለላንና ፉከራን ወደ ሳክስፎን አምጥቶ ከኋላ ረድፍ ወደ ፊት ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 እስካረፈ ድረስም ከሆላንዶቹ «ዘ ኤክስ» ጋር በአውሮፓ መድረኮች ታይቷል። ሳክስፎን ለዚህ ይመቻል፤ የሰው ጉሮሮ ይመስላል፤ ረጅም ንግግር ይችላል። ትራምፔት ግን በተፈጥሮው የማንቂያ ድምፅ ነው። ይጠራል፤ ያውጃል፤ ዝም ይላል። ከትራምፔት ተጫዋቾች መካከል በዋልያስ ባንድ የነበረው ዮሐንስ ተኮላ ስማቸው ከሚጠራላቸው ጥቂቶች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው የባንዱ የዘፈን አልባ ሙዚቃ ስብስብ ውስጥ የሚሰማው ትራምፔት የእሱ ነው።

በሌላው ዓለም ነገሩ እንዴት ነበር? በ1966 ዓ.ም. ታላቁ የጃዝ ባለሙያ ዱክ ኤሊንግተን ከኦርኬስትራው ጋር አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ተቀብሏል፤ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ውሏል። ኤሊንግተን በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ዐረፈ። ይኸ ሰው ከብዙ ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ ለትራምፔት ተጫዋቹ ለኩቲ ዊልያምስ ድምፅ ልክ ሠርቶ አንድ ቅንብር ደርሷል፤ «ኮንቼርቶ ፎር ኩቲ» ብሎም የተጫዋቹን ስም ከርእሱ ላይ አስቀምጧል። መሪ ለረድፉ ሰው የሚሰጠው ከዚህ የበለጠ ዋጋ ምን አለ? ኩቲ በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ኦርኬስትራ መሄዱ ሌላ ነገር ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመልሷል።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የፈነዳው አብዮት የሌሊቱን ኑሮ ገለበጠው። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽት ክበቦች ተዘጉ ወይም ተዳከሙ። በታላላቅ ሆቴሎች ግን አንድ እንግዳ ልማድ ተፈጠረ። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ የገባ እንግዳ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል፣ ሙዚቀኛውም እስኪነጋ ይጫወታል። ዋልያስ በሂልተን ሆቴል ያሳለፋቸው ሌሊቶች እንዲህ ያሉ ነበሩ። ለዘፋኝ ረጅም ሌሊት ድካም ነው፤ ለትራምፔት ተጫዋች ግን ከንፈር ነው የሚያልቀው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ያበጠ ከንፈር ከፍ ያለውን ድምፅ አይደርስበትም፤ ልምድ ያለው ተጫዋች ዝቅ ያለውን መርጦ ያመቻቻል፤ ልምድ የሌለው ነሐሱን በጥርሱ ላይ ይጫነዋል። ዕዳው የሚከፈለው ከዓመታት በኋላ ነው።

ያው አብዮት ኦርኬስትራውን ወደ ክፍላተ ሀገር መንገድ አውጥቶታል። በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ቀድሞ ደራሳ ይባል የነበረው አውራጃ በሕዝቡ ስም ጌዴኦ ተባለ፤ ዲላም በሲዳሞ ክፍለ ሀገር የጌዴኦ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ቡድን ሞጆን፣ ዝዋይን፣ ሻሸመኔንና አዋሳን አልፎ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዲላ ይደርሳል። ሰውየው በአውቶቡሱ መስኮት የሚያየው ከልጅነቱ የሚያውቀውን ነው። እንሰቱ ከቡናው፣ ቡናው ከትልልቁ ዛፍ ሥር ተደራርቦ ቁልቁለቱን ለብሷል፤ ባዶ መሬት አይታይም። ይኸ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጥላው፣ ምግቡና ገንዘቡ አንዱ በአንዱ ላይ ቆሞ የሚኖርበት እርሻ ነውና ይገባዋል። ከከተማዋ ብዙም በማይርቁት በጨልባ ቱቲቲና በቱቶ ፈላ የቆሙት የጥንት ትክል ድንጋዮችም በዚሁ መዝገብ ውስጥ ናቸው። አንዳንዶቹ የሰው ፊት ተቀርጾባቸዋል፤ ስም ግን የተጻፈበት አንድም የለም።

ትርኢቱ በቡና ወቅት ከሆነ ከተማው ሌላ ነው። የቀላው እሸት ቡና በጆንያ ይገባል፤ ጀንፈሉ በየደጁ ተሰጥቷል፤ በገበሬው እጅ ጥቂት ገንዘብ አለ፤ ከቡሌ ደጋ ሳይቀር ሰው ወርዶ ገበያውን ሞልቶታል። ቡድኑ መድረኩን ያዘጋጃል። የትራምፔት ተጫዋቹ መሣሪያውን ከሣጥኑ አውጥቶ ሲነፋ ድምፁ ከፍ ይልበታል። ነገሩ ተአምር አይደለም፤ አየሩ ከአዲስ አበባ ስለሚሞቅ ነው። በሞቀ አየር ውስጥ ድምፅ ይፈጥናል፣ ነሐሱም ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የመቃኛውን ቧንቧ ጥቂት ሳብ አድርጎ ያስረዝመዋል፤ ከኦርጋኑ ጋር ይስተካከላል። ደረቱም ያውቀዋል። በአዲስ አበባ ስምንት ምት የሚያደርሰው ትንፋሽ እዚህ አሥር ያደርሳል። የትውልድ አገር በአየሯ ስትቀበል እንዲህ ነች።

የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ግን ያላሰበው ነገር ይሆናል። ከሕዝቡ መካከል አንዳንድ አሮጊቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። ጥሩምባ ሰምተዋል፤ ማን ሞተ ብለው ዙሪያቸውን ያያሉ። ከበሮው ገብቶ፣ ሳክስፎኑ ተከትሎ፣ ዘፋኙ እጁን እስኪያነሣ ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ለሰውየው ግን ረጅም ነው። ለሃያ ዓመት የደከመበትን ነገር የገዛ ከተማው በምን ስም እንደሚያውቀው በዚያች አፍታ ይረዳል። ከዚያ በኋላ ጭብጨባው ይመጣል፤ ልጆቹ ይዘላሉ። ትርኢቱ ሲያልቅ ከዘፋኙ ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ መንገድ ዘጋ፤ ከእሱ ዘንድ የመጣው አንድ ባዶ እግሩን የሆነ ልጅ ብቻ ነው። ጋሼ፣ አንዴ ልንካው? ይለዋል። ሰውየው ግራ ቀኙን አይቶ የመንግሥቱን ንብረት ይሰጠዋል። ልጁ ጉንጩን ነፍቶ ቢታገል የወጣው ነፋስ ብቻ ሆነ፤ ጓደኞቹም ሳቁበት። ሰውየው አልሳቀም። ጉንጭህን ተወው፣ ከንፈርህን ጠበቅ አድርገህ ምራቅ እንደምትተፋ በለው፣ አለው። በሦስተኛው ሙከራ ጥጃ እንደሚጮህ ያለ ድምፅ ወጣ። እዚህ ላይ የመደምደሚያ ጥቅም የሚፈልግ ሰው ያ ልጅ አድጎ ታላቅ ሙዚቀኛ ሆነ እንዲባል ይጠብቅ ይሆናል። የአውራጃ ኪነት ቡድኖች ግን በብዛት የነበራቸው ክራር፣ ከበሮ፣ ቢበዛ አኮርዲዮንና ጊታር ነው። ትራምፔት ውድ ነው፤ መምህርም ይፈልጋል። ልጁ ያገኘው ያችን አንድ ድምፅ ነው።

የመጨረሻው ዘመን በድምፅ ሳይሆን በዝምታ ነው የገባው። ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ወደ ሀገር ገባ። አንድ ሰው በአሥር ጣቱ የትራምፔቱን፣ የሳክስፎኑንና የቫዮሊኑን ቦታ ያዘ። አሥር ሰው ከማጓጓዝ አንድ ሣጥን ማጓጓዝ ርካሽ ነው፤ አሥር ራት ከማብላት አንድ ራት ይቀላል። ይኸን ያደረጉትን ባለ ሀብቶችና ባንዶች መውቀስ ይቻላል፤ ሒሳባቸው ግን ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነው። ከትንፋሽ ተጫዋቾቹ ጋር የሚሄደው ዕውቀት፣ ማለት በኖታ ያልተጻፈው የከንፈር ጭማሪ፣ ሳይጻፍና ሳይማሩት መቅረቱን ማንም በሒሳቡ ውስጥ አላስገባውም።

በዚያው ወራት የሰውየው ጥርስ መነቃነቅ ጀመረ። ለሌላ ሰው የጥርስ ሕመም ሕመም ነው፤ ለዚህ ሰው የጡረታ ደብዳቤ ነው። ነሐሱ የሚያርፈው በከንፈር ላይ ቢሆንም ከንፈሩን ከኋላ የሚደግፈው የፊት ጥርስ ነውና። የሉዊ አርምስትሮንግ መምህር የነበረው፣ «ኪንግ ኦሊቨር» የተባለው የኮርኔት ተጫዋች፣ በድድ በሽታ ከንፈሩና ጥርሱ ከድተውት፣ እ.ኤ.አ. በ1938 በሳቫና ከተማ በአንድ የቢሊያርድ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ሳለ ሞቷል። ንጉሥ የተባለው እንዲህ ከሆነ የረድፉ ሰው ምን ሊጠብቅ ይችላል? ሰውየው መሣሪያውን ለንብረት ክፍል አስረከበ። ሠራተኛው ሦስቱን ቁልፎች ተጭኖ አየ፤ በጎኑ ያለችውን ጭረት በመዝገቡ ጻፈ፤ ፈረመለት።

ከብዙ ዓመት በኋላ እንግዶች መጠየቅ ጀመሩ። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ስብስብ የድሮዎቹን ሸክላዎች ለዓለም አሰማ። በ1996 ዓ.ም. የቦስተኑ «አይዘር ኦርኬስትራ» አዲስ አበባ መጥቶ የነዚያኑ ዘመን ዜማዎች በትራምፔትና በሳክስፎን ተጫወተ፤ ኋላም የነርሲስ ናልባንድያንን ሥራዎች ለመድረክ አብቅቷል። በኒው ዮርክም ሆነ በፓሪስ የሚኖር ወጣት ትራምፔት ተጫዋች የዲላው ሰው የጨመራትን ያችን ያልተጻፈች መንሸራተት ከሸክላ ላይ እየሰማ በኖታ ይጽፋታል። በእኛም ሀገር የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከዚያው ይማራሉ። ድምፁ ወደ ቤቱ የተመለሰው በዙሪያ ጥምጥም መንገድ ነው፤ መመለሱ ግን መልካም ነው።

ሰውየው ወደ ዲላ ተመልሷል። በአንድ ቅዳሜ ከጎረቤት ሠርግ ተጠርቶ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል። ኪቦርድ የሚጫወተው ወጣት ዘፈኑ መኻል ላይ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ የትራምፔት ድምፅ ይወጣል። ጥሩ ድምፅ ነው፤ አልተዛባም፤ ቅኝቱም ልክ ነው። ሙሽራው ጓደኞቹ ይጨፍራሉ። ወጣቱ ጣቱን ሳያነሣ ድምፁን ይስባል። አራት ምት፤ ስምንት ምት፤ አሥራ ሁለት። ሰውየው የጠጅ ብርሌውን በእጁ እንደ ያዘ አብሮ ይቆጥራል። በሃያኛው ምት ላይ ደረቱ ተወጥሮ፣ ዐይኑ ፈጦ፣ የገዛ ትንፋሹን ይዞ መቆየቱን አስተዋለና ቀስ ብሎ ለቀቀው። ኪቦርዱ ገና አላረፈም ነበር።

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል ከታችኛው ሰፈር ጥሩምባ ተነፋ። በየቤቱ ያለው ሰው ስሙን ለመስማት ጆሮውን አቀና። ሰውየው አልጋው ላይ ሆኖ ያዳመጠው ሌላ ነበር። ነፊው አዲስ ሰው ነው፤ ከንፈሩን አላረጠበም፤ ድምፁም መኻል ላይ ተቆርጦ፣ ትንፋሽ ወስዶ፣ እንደገና ቀጠለ።